መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችና የክፍል ጓደኝነት

አካቶ ትምህርት፣ ማለትም የልዩ ፍላጎት ተማሪዎች ከእኩዮቻቸው ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩበት ሥርዓት፣ ልጆችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ በራሱ ጓደኛ አያደርጋቸውም። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በተለያዩ ወገኖች መካከል ያለው ጭፍን ጥላቻ የሚቀንሰው ግንኙነታቸው በእኩልነት፣ በጋራ ዓላማና በትብብር ላይ ሲመሠረት፣ ኃላፊዎችም ሲደግፉት ነው። ከእነዚህ ሁሉ በክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚጣሰው እኩልነት ነው፤ መስማት ለተሳናት ልጅ ማስታወሻ የሚጽፍላት ረዳት ብቻ ሲመደብላት፣ ዘወትር ተቀባይ ስለምትሆን፣ በቅንነት የተጀመረው እገዛ ወደ ጓደኝነት ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ መምህሩ የቡድን ሥራ ሲያከፋፍል፣ ያለ እርሷ የማይሟላ ድርሻ፣ ለምሳሌ የካርታውን ሥዕል ወይም የሙከራውን ልኬት፣ ሊሰጣት ይገባል። የሚሰሙት ልጆች የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን የጣት ፊደልና የዘወትር ሰላምታ ከእርሷ ሲማሩ ደግሞ አስተማሪነቱ የእርሷ ይሆናል፤ ብዙ ልጆችም በእጅ መነጋገርን ስለሚወዱት ትምህርቱ ያን ያህል ግፊት አይጠይቅም። ከሁሉ የሚከብደው የእረፍት ሰዓት ነው፤ በንግግር የሚመራ ጨዋታ ልጅቷን ስለሚያገላት፣ ሰኞ ማክሰኞንና ገመድ ዝላይን የመሳሰሉ፣ ተራቸውና ሕጋቸው በዓይን የሚታይ ጨዋታዎች የተሻለ መግቢያ ይከፍቱላታል።