«ወራጅ አለ» የማይባልበት መጓጓዣ

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲመረቅ፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መደበኛ ሥራ ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሁለቱ የአንድ ዕቅድ ልጆች ናቸው። ፓርኩን የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ከሚኤሶ ወደ ጅቡቲ ያለውን ሐዲድም የዘረጋ ነው። ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለው ሌላው የቻይና ኩባንያ፣ የሲአርኢሲ፣ ድርሻ ነበር። በዕቅዱ መሠረት ጨርቁና ክሩ ከወደብ በኮንቴይነር ይመጣል፣ ሸሚዙና ሱሪው በኮንቴይነር ይመለሳል። አዳማ ደግሞ በመሃል ላይ ተቀምጣ የሥራ ዕድሉን ታፍሳለች። በዚያው ሐዲድ ላይ ግን ሰው የሚጭን ባቡርም ይሄዳል። ስለ ኮንቴይነሩ ብዙ ተጽፏል፤ ትኬት ገዝቶ ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው። እዚህ የሚተዋወቀው የእሱ ባቡር ነው።

መስመሩ ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ ናጋድ እስኪደርስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የኢትዮጵያው ክፍል መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ባቡሩ በ25 ሺህ ቮልት ኃይል ይንቀሳቀሳል። የመንገደኛው ባቡር በንድፉ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር፣ የጭነቱ እስከ 80 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ታስቧል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገደኛ የሚሳፈረው ከተማው ዳር ካለው የለቡ ጣቢያ ነው፤ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን እያለ ድሬዳዋ ይደርሳል። ፉርጎዎቹ በቻይና አገር በብዛት የሚታዩት ዓይነት ናቸው። ተራው የወንበር ፉርጎ በአንድ ወገን ለሦስት፣ በሌላው ወገን ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ አለው፤ መቀመጫዎቹ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ከማያውቁት ሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት መገናኘት አይቀርም። ከዚያ ከፍ ያለው መኝታ ያለው ፉርጎ ነው፦ በአንዱ ዓይነት ስድስት አልጋ ሦስት ሦስት ሆኖ ይደረደራል፣ በሌላው አራት አልጋ በር ባለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ፉርጎዎቹ ሰፊ ናቸው፣ ከሚኒባስ ጋር የሚወዳደር መወዛወዝ የላቸውም፣ እግርን ለማፍታታት የሚበቃ መተላለፊያ አላቸው፣ መጸዳጃ ቤትም አለ። አውቶቡስ ላይ ሆኖ ሹፌሩ አዋሽ ላይ እስኪያቆም ፊኛውን ይዞ የተቀመጠ ሰው የዚህ የመጨረሻው ነገር ዋጋ ይገባዋል።

እንግዲህ ወንበሩ ይህን ያህል ደህና ከሆነ የባቡሩን አገልግሎት ጥሩ ማለት ይቻላል? የመንገደኛ አገልግሎት ሲገመገም የተለመደው ይኸው ነው፤ ወንበሩ ይታያል፣ ንጽሕናው ይታያል፣ የአስተናጋጇ ፈገግታ ይታያል። እኔ መለኪያው ከዚያ በፊት የሚመጣ ነገር ነው እላለሁ። ከአዳማ አዲስ አበባ በሚኒባስ የሚሄድ ሰው ጉዞው ካልተመቸው «ወራጅ አለ» ይላል፤ ይወርዳል፣ ሌላ መኪና ይይዛል። መኪናው ቢበላሽ ረዳቱ ከሚያልፍ መኪና ጋር ተደራድሮ ያሳፍረዋል፣ አለዚያም ገንዘቡን አስመልሶ በአገኘው ይሄዳል። መናኸሪያው ላይ የሚጮኸው ተራ አስከባሪ ትሕትና አልተማረም፤ ግን መንገደኛው ጥሎት መሄድ እንደሚችል ያውቃል። ባቡር ላይ ይህ የለም። በመተሐራና በአዋሽ መካከል፣ በሜዳው ላይ የቆመ ባቡር ውስጥ ያለ ሰው የሚወርድበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የባቡር አገልግሎት ጥራት የሚፈተነው መንገደኛው መሄጃ በሌለው ሰዓት አጓጓዡ ምን ይሰጠዋል፣ ምን ይነግረዋል በሚለው ነው። ለስላሳ ወንበር ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ የተማሩት የመዝናኛ መርከብ ኩባንያዎች ናቸው። በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ሆቴል የሚባለው መርከብ የሚሸጠው ምቾት ነው፤ መዋኛው፣ ቲያትሩ፣ ቀንና ሌሊት የማይዘጋው ምግብ ቤት። በየካቲት 2005 ዓ.ም. ካርኒቫል ትራይምፍ የተባለው መርከብ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳለ የሞተር ክፍሉ በእሳት ተያያዘ። ሰው አልሞተም። ነገር ግን ኃይሉ ተቋረጠ፣ ከ4 ሺህ በላይ ሰው በማይሠራ መጸዳጃና በማይነፍስ አየር ውስጥ ቀናት አሳልፎ መርከቡ በጎታች ጀልባ አላባማ ደረሰ። ያኔ ስለ መዋኛው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት፣ የመርከብ ኩባንያዎቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር የመንገደኞች መብት ዝርዝር አጸደቀ። ዝርዝሩ ስለ ምቾት አንድም ቃል የለውም ማለት ይቻላል። መርከቡ ወደብ ላይ ታስሮ ሳለ ምግብ፣ ውሃ፣ መጸዳጃና ሕክምና በበቂ ማቅረብ ካልተቻለ የመውረድ መብት፤ ጉዞው በሜካኒክ ብልሽት ሲሰረዝ ሙሉ ገንዘብ የማስመለስ መብት፤ የጉዞ ለውጥ ሲኖር በጊዜው የመስማት መብት፤ ይህን የመሳሰለ ነው። እርግጥ ኩባንያዎቹ ራሳቸው የጻፉት ስለሆነ መውጫ ቀዳዳ አላጣም። ቢሆንም ዓለምን በቅንጦት የሚያስጎበኝ ዘርፍ እንኳ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት ይህ መሆኑን አምኗል።

የእኛ ባቡር ለምን እንደሚቆም ማወቅ ለዚህ ክርክር አስፈላጊ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ መስመሩ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ መጪና ሂያጅ ሳይገናኙ ያልፋሉ። ከአዳማ ወዲያ ግን ሐዲዱ አንድ ነው። አንድ ሐዲድ ላይ ከፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ገብቶ ሌላውን ማሳለፍ አለበት፤ ከመካከላቸው አንዱ ከዘገየ መዘግየቱ ለሌላውም ይተርፋል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥም ባቡሩ ይቆማል። በከረዩና በአፋር የግጦሽ ምድር ሲያልፍ ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ ይገባል፤ የተገጨ እንስሳ ጉዳይ ደግሞ የካሣና የሽምግልና ጉዳይ ነው። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በላይ እየሰፋ መንገዱንም የድሮውን ሐዲድም ሲገፋ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል። ይህ ሁሉ የስምጥ ሸለቆው ጠባይ ነው፤ ማንም አስተዳዳሪ በደብዳቤ አያስቀረውም። ስለዚህ «ባቡሩ መቼም አይቁም» ብሎ መሟገት ከንቱ ነው። የሚያስኬደው ሙግት ሌላ ነው፦ ባቡሩ ሲቆም መንገደኛው ለምን እንደቆመ፣ እስከ መቼ እንደሚቆም፣ ከተወሰነ ሰዓት በላይ ከቆየ ምን እንደሚደረግለት በድምፅ ማጉያው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ይነገረው። ይህን ለማድረግ አዲስ ብድር አያስፈልግም።

አሮጌው ባቡር ይህን ጥያቄ በራሱ መንገድ ፈትቶት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ከሰጡ በኋላ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ላይ ያለው ቡፌ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ከሐዲዱ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በረንዳው በአበባ ተሸፍኖ፣ እራትና አልጋ ያለው ቤት። ባቡሩ መዘግየቱን ስላልደበቀ ለመዘግየቱ ቤት ሠራለት ማለት ነው። ቡፌው አቅም ላለው ነበር፤ የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪውን ደግሞ በየጣቢያው ፍራፍሬ፣ ዳቦ፣ ሻይ ይዘው በመስኮቱ የሚያቀብሉ ሴቶች ይመግቡት ነበር። ያ ባቡር ያረጀ፣ የተጨናነቀ፣ በኮንትሮባንድ የታጨቀ ነበር፤ መልሼ ላወድሰው አልፈልግም። ነገር ግን የቆመበት ቦታ ሁሉ ገበያ ነበር። በአዲሱ ባቡር መስኮቱ በአመዛኙ የተዘጋ ነው፣ ጣቢያውም የታጠረና ትኬት የሌለው የማይገባበት ነው። ደኅንነቱ እንደተሻለ አይካድም። የመስኮቱ ገበያ ግን ሲጠፋ ይሠራው የነበረውን ሥራ አጓጓዡ ራሱ ተረክቧል፤ ውሃና ምግብ ማቅረብ አሁን ግዴታው እንጂ ውለታው አይደለም።

የጣቢያ ነገር ከተነሣ፣ የአዳማ ሰው ዋና ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። አሮጌው ጣቢያ ከተማው መሃል ነበር፤ እንዲያውም ከተማው በጣቢያው ዙሪያ ነው ያደገው። አዲሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፤ ለቡም ለአዲስ አበባ እንዲሁ ዳር ነው። ከአዳማው ፍራንኮ ሠፈር የሚነሣ ሰው ባጃጅ ይዞ ጣቢያ ይደርሳል፣ መታወቂያውን አሳይቶ፣ ዕቃውን አስፈትሾ፣ ጠብቆ ይሳፈራል፤ ለቡ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይፈልጋል። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ግን ከዚያው ከመናኸሪያ አንሥቶ ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ አዲስ አበባ መግቢያ ያደርሰዋል፤ ሚኒባሱም ሲሞላ ስለሚነሣ የሰዓት ሠሌዳ አይጠየቅበትም። በዚህ ርቀት ባቡሩ ተሸንፏል፣ ሽንፈቱንም ማመን ይሻላል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛም ቢሆን ጠዋትና ማታ የሚያመላልሰው ሰርቪስ እንጂ ባቡር አይደለም። ነገሩ የሚለወጠው ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ነው። ድሬዳዋ የሚሄደው መኪና ከሚኤሶ በኋላ ወደ አሰበ ተፈሪና ሂርና ተራሮች ይወጣል፤ ጠመዝማዛውን፣ ጉሙን፣ ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና ያስቡት። ባቡሩ በቆላው በኩል፣ በአፍደምና በኤረር አድርጎ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። አሮጊት እናት ይዞ፣ ሕፃን ታቅፎ፣ ወይም ወገቡን እያመመው ለሚጓዝ ሰው በዚህ መንገድ ባቡሩን የሚያህለው የለም። አገልግሎቱ እንዲሻሻል ከተፈለገ ጉልበቱ መዋል ያለበት ባቡሩ በሚያሸንፍበት በዚህ ርቀት ላይ ነው።

ጣቢያው ዳር መሆኑ ምክንያት አለው የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ረጅም የጭነት ባቡር ድንገተኛ ኩርባ አይወድም፣ ከተማ መሃል መግባት ማለት ብዙ ቤት ማፍረስና ብዙ ካሣ መክፈል ነው፣ ሐዲዱም ከተማውን ለሁለት ይቆርጠዋል። ይህን ሁሉ ተቀብሎም አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል፦ ትኬቱ ለምን ጣቢያው በር ላይ ያልቃል? ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦችም ጥልቀት የሌለው ወደብ ሲያጋጥማቸው ርቀው ይቆማሉ፤ መንገደኛውን ግን «ዋኝ» አይሉትም፣ በራሳቸው ጀልባ ያወርዱታል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። መስመሩ የተሠራው ለጭነት ነው፤ የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚያልፈው፣ የኩባንያው ገቢም በአመዛኙ ከጭነት ነው፣ ግንባታው ደግሞ ያልተከፈለ የቻይና ዕዳ አለበት። በአንድ ሐዲድ ላይ ማዳበሪያ የጫነ ባቡር እየጠበቀ መንገደኛ ይቅደም ማለት ገበሬውን መበደል ነው ይላሉ። በዚህ ላይ የምጨቃጨቀው የለኝም፤ ማዳበሪያው ይለፍ። ግን ጭነት መቅደሙ መንገደኛው እንዳይነገረው የሚያደርግ ምክንያት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው፦ ባቡሩ እንደሚዘገይ አስቀድሞ ከታወቀ የሰዓት ሠሌዳው ያንን አካቶ ይጻፋል፣ ሰውም ዘመዱን ጣቢያ ላይ አያስጠብቅም። «ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ይቻል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የባቡር ሕግ ከአንድ ሰዓት ላላነሰ መዘግየት የትኬቱን ሩብ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ግማሹን እንዲመለስ ያዛል፤ ተመላሹ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ስለሚሄድ ለርካሽ ትኬት የሚመለሰውም ትንሽ ነው። ርካሽነት ክፍያውን ያቀልለዋል እንጂ ግዴታውን አያነሣውም።

ለስድስት ዓመት ባቡሩን ያስተዳደሩት ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች በግንቦት 2016 ዓ.ም. አስረክበው ወጥተዋል። ባለቤቶቹ ኢትዮጵያ በ75 በመቶ፣ ጅቡቲ በ25 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ትኬቱ ጀርባ ላይ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው የቻይና ኮንትራት አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት ዓረፍተ ነገር በላይ አይፈጅም፦ ባቡሩ ቆሞ ከዚህን ያህል ደቂቃ ካለፈ ምክንያቱ ይነገራል፤ ከዚህን ያህል ሰዓት ካለፈ ውሃና ምግብ ይቀርባል፤ ጉዞው ከተሰረዘ ገንዘቡ በዚህን ያህል ቀን ይመለሳል። ቁጥሮቹን ኩባንያው በአቅሙ ይሙላቸው። አዳማ ላይ ደግሞ ባቡሩ በሚገባበትና በሚነሣበት ሰዓት ከጣቢያው እስከ መናኸሪያው የሚመላለስ አንድ አውቶቡስ ቢመደብ፣ ክፍያውም ትኬቱ ውስጥ ቢታሰብ፣ የድሬዳዋው መንገደኛ ቤቱ እስኪደርስ ከባጃጅ ጋር አይከራከርም።