የጊታር ብርኩማ ሲላቀቅ፤ የመጠገኛውና የመለወጫው ዘዴ

በክራርና በበገና ላይ አውታሮቹ ከገበቴው ግርጌ ይታሰሩና ብርኩማውን ተሻግረው ወደ ላይኛው ቀንበር ይወጣሉ። ብርኩማው ራሱ በሙጫ አልተጣበቀም፤ በቦታው የሚያቆመው የአውታሮቹ ጫና ነው። አውታሮቹ ሲላሉ ይወድቃል፤ ሲወጠሩ መልሶ ማቆም ነው። የጊታር ብርኩማ ግን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። አውታሮቹን ከፍ አድርጎ ይሸከማል፤ ደግሞም የታችኛውን ጫፋቸውን ራሱ ይይዛል። እርሱን በበኩሉ የሚይዘው በእንጨትና በእንጨት መካከል ያለው ስስ የኮላ ንጣፍ ነው። ይህ ንጣፍ ሲለቅ ጊታሩ ወዲያው ከአገልግሎት ውጭ ይሆናል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርኩማው ለምን እንደሚላቀቅ፣ መቼ መልሶ ማጣበቅ እንደሚበቃና መቼ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ነው። ብርኩማው የተነሣበት ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። በእንዲህ ያለ ጊታር ላይ የማይመለስ ጥፋት የሚደርሰው ምክንያቱ ሳይታወቅ በችኮላ ሲጠገን ነው።

ሀ. የብርኩማው ሥራና የሚሸከመው ኃይል

የጊታር የፊት ገበታ ብዙውን ጊዜ ከስፕሩስ ወይም ከሴዳር እንጨት የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል ስስ ማገሮች ተለጥፈው ይደግፉታል። በዚህ ስስ ገበታ ላይ የሚያርፈው ኃይል ግን ቀላል አይደለም። ስድስቱ የናይለን አውታሮች በአንድነት በ40 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ፤ ቀጫጭን የሚባሉት የብረት አውታሮች ደግሞ ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ይስባሉ።

አውታሩ የሚያልፈው ከገበታው ከፍ ብሎ ስለ ሆነ ይህ ኃይል ብርኩማውን ወደ አንገቱ ከመጎተቱም ሌላ ወደ ፊት ሊገለብጠው ይታገላል። በናይለን ጊታር ላይ ከፍታው 1.1 ሴንቲሜትር ነው ብንል፣ 40 ኪሎ በ1.1 ሲባዛ 44 ይሆናል። የብርኩማው ወርድ 2.8 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 44 ለ2.8 ሲካፈል 16 ገደማ ይወጣል። በግምት ሲታይ እንግዲህ የብርኩማው የኋላ ጠርዝ ቀንና ሌሊት በ16 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ላይ ይፈለቀቃል ማለት ነው። መላቀቅ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ጠርዝ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

በብረት አውታር ጊታር ላይ የአውታሩ ጫፍ ብርኩማውንና ገበታውን በስቶ ይገባና ከውስጥ በተለጠፈ ጠንካራ መደገፊያ ሥር በትንሽ ካስማ ይያዛል። ስለዚህ ኮላው በከፊል ይታገዛል። በናይለን ጊታር ላይ ግን አውታሩ የሚቋጠረው በብርኩማው ላይ ስለ ሆነ፣ ሁሉን የሚችለው ኮላው ብቻ ነው።

ለ. የመላቀቅ ምክንያቶች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ ጊታር ኮላው ይለሰልሳል። አናጢዎች የሚሠሩበት ነጩ ወይም ቢጫው ኮላ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጥንካሬውን ያጣል።

ሁለተኛው ድርቀት ነው። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ያህል ነው። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኰማተራል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። የገበታው ክሮች ከአንገቱ ወደ ግርጌው ሲሄዱ የብርኩማው ክሮች ደግሞ አግድም ስለ ተኙ፣ አንዱ ሲኰማተር ሌላው አይከተለውም። በአዲስ አበባ ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ በኋላ የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ አየር ሲመጣ፣ በመካከላቸው ያለው ኮላ ይህን አለመስማማት ሁሉ ይሸከማል።

ሦስተኛው ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት አውታር መትከል ነው። ድምፁ ይጐላል በማለት ይህን የሚያደርጉ አሉ። ከላይ እንደ ተመለከተው ግን ኃይሉ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ብርኩማው ባይነሣ እንኳ ገበታው ያብጣል፤ አንገቱም ይጎብጣል።

አራተኛው የአሠራር ጉድለት ነው። ብርኩማው በቫርኒሽ ላይ ከተለጠፈ፣ ኮላው እንጨቱን ሳይሆን ቀለሙን ይዟልና ዕድሜ አይኖረውም።

ሐ. ምርመራ

ከመጠገን በፊት ጉዳቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ስስ ወረቀት ወስዶ በብርኩማው ዙሪያ በጠርዙ ሥር ለማስገባት መሞከር ነው። ወረቀቱ የሚገባበትን ጥልቀት በእርሳስ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ቀጥሎም ትንሽ መስተዋትና መብራት በድምፅ ቀዳዳው አስገብቶ ማገሮቹንና የውስጡን መደገፊያ ማየት ነው።

በዚህ ምርመራ ከአምስት ነገሮች አንዱ ይገኛል። 1ኛ፣ አውታሩ የሚያርፍባት ነጭ የአጥንት ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ብቻ ተሰብራ ወይም ዘንብላ ይሆናል፤ ይህች በቀላሉ ስለምትለወጥ ብርኩማውን መንካት አያስፈልግም። 2ኛ፣ ኮላው ብቻ ለቆ ብርኩማው ደኅና ይሆናል። 3ኛ፣ ብርኩማው ራሱ ተሰንጥቆ ይሆናል። 4ኛ፣ ብርኩማው ሲነሣ የገበታውን እንጨት ቦጭቆ ይዞ ተነሥቶ ይሆናል። 5ኛ፣ የውስጡ መደገፊያ ተበልቶ ወይም ማገር ለቆ ይሆናል። በአምስተኛው ጊዜ ከላይ ብቻ የሚደረግ ጥገና ከንቱ ነው።

መ. መልሶ ማጣበቅ

በመጀመሪያ አውታሮቹን ሁሉንም ጥቂት በጥቂት ማላላትና ማውጣት ነው። ብርኩማው በከፊል ብቻ ከተነሣ፣ በተከፈተው አፍ ኮላ አፍስሶ መጫን ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን አዲሱ ኮላ በደረቀው አሮጌ ኮላ ላይ በደንብ ስለማይዝ ውሎ አድሮ ይለቃል። ስለዚህ ግማሹ ከለቀቀ ሙሉውን ማንሣት ይሻላል።

ለማንሣት በዙሪያው ያለውን ቀለም በወፍራም ካርቶን ከሸፈኑ በኋላ ብርኩማውን በሞቀ ካውያ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ከዚያም ስስና ስለቱ የደነዘዘ ቢላዋ ከሥሩ እያስገቡ ጥቂት በጥቂት ማላቀቅ ነው። ቢላዋው ወደ ገበታው እንጨት መጥለቅ ከጀመረ ወዲያው አቁሞ በሌላው ወገን መጀመር ይገባል። ይህ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም።

ብርኩማው ከተነሣ በኋላ በሁለቱም ወገን ያለው አሮጌ ኮላ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ በመሮ ስለት ይፋቃል። ገበታው ፈጽሞ ዝርግ ሳይሆን ጥቂት ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ፣ የብርኩማው ሥር ከጉብታው ጋራ መስማማት አለበት። ለዚህም ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ በገበታው ላይ ማንጠፍና ብርኩማውን በላዩ እየሳቡ መሞረድ ነው። በደረቁ ገጥመው ሲያዩት በጠርዙ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ለመጣበቅ ደርሷል።

ኮላው ከከብት ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣው ወይም የአናጢ ኮላ ቢሆን ይበቃል። ኢፖክሲና ሱፐር ግሉ ለዚህ ሥራ አይመከሩም፤ ነገ እንደገና ማንሣት ቢያስፈልግ እንጨቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ ያስቸግራልና። ኮላው በስሱ ይቀባል፤ በድምፅ ቀዳዳው በኩል በሚገባ ረዥም ሞርሳ ይጨመቃል። ከውስጥ በኩል የሞርሳው አፍ በማገሮቹ ላይ እንዳያርፍ ተስማሚ የእንጨት ቁራጭ ማስደገፍ ይገባል። የተረፈው ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከ24 ሰዓት በፊት አውታር መትከል አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ብርኩማውን በብሎን ማሰር ዘላቂ መፍትሔ ይመስላቸዋል። ብሎኑ ግን ስሱን ገበታ ይበሳል፤ ክብደት ይጨምራል፤ መላቀቁንም ሳያቆም ይደብቀዋል። ኃይሉ በሁለት ነጥብ ላይ ስለሚሰበሰብ በመጨረሻ የሚቀደደው ገበታው ነው። ብርኩማ በብዙ ሊለወጥ ይችላል፤ ገበታው ግን የጊታሩ ድምፅ ማለት ነው።

ሠ. መቼ ይለወጣል?

ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነና ንጹሕ ከሆነ ተጣብቆ ያገለግላል። በካስማዎቹ ቀዳዳዎች መስመር ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ ወይም የተጣመመ ብርኩማ ግን መለወጥ አለበት። የገበታው እንጨት ተቦጭቆ ከሆነም በመጀመሪያ የክሩ አቅጣጫ ከገበታው ጋራ በሚስማማ ስስ የስፕሩስ ቁራጭ ቦታው ይሞላል።

ፋብሪካዎች የሚመርጡት ሮዝውድንና ዞጲን ነው። የብራዚሉ ሮዝውድ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ጥብቅ ክልከላ ያለበት ነው። በአገራችን ከሚገኙት ውስጥ በደንብ የደረቀ ወይራ ጠንካራና ክሩ የጠበቀ ነው። ዋንዛ ለዕቃ ሥራ የተወደደ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ለስላሳ ነው። የእንጨቱ ክር በብርኩማው ርዝመት መሄድ አለበት። የአዲሱ ክብደት ከአሮጌው በጣም መራቅ አይገባውም፤ የከበደ ብርኩማ የገበታውን ንዝረት ያፍናል።

ረ. የቦታው ልክ

አዲስም ሆነ አሮጌ ብርኩማ ሲተከል ቦታው በሚሊሜትር ይለካል። 12ኛው ፍሬት የአውታሩን ርዝመት እኩሌታ ያመለክታል። የጊታሩ ልክ 650 ሚሊሜትር ቢሆን ከአንገቱ ራስ እስከ 12ኛው ፍሬት 325 ነው። ከዚያ እስከ አጥንቷ ያለው ግን ከ325 ጥቂት ይበልጣል፤ አውታሩ በጣት ሲጫኑት ስለሚወጠርና ድምፁ ከፍ ስለሚል፣ ትርፉ ያንን ያካክሳል። በናይለን ጊታር ትርፉ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በብረት አውታር ጊታር ደግሞ ወደ ወፍራሙ አውታር እየጨመረ ስለሚሄድ አጥንቷ ዘንበል ብላ ትተከላለች።

ብርኩማው ከትክክለኛው ቦታ 3 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ፣ በ12ኛው ፍሬት የሚሰማው ድምፅ ከግማሽ ድምፅ 8 በመቶ ያህል ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህን ስሕተት መቃኛው አያስተካክለውም። ክፍቱ አውታር ሲቃና የተጫነው ይበላሻል።

በአጠቃላይ ሲታይ ይህ ሥራ ብዙ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ መሮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞርሳ፣ ኮላና ማስመሪያ ያለው ጥንቁቅ አናጢ ይችለዋል። የሚጠይቀው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ፣ ንጹሕ እንጨትን ከንጹሕ እንጨት ማገናኘት፣ ልኩን መጠበቅ፣ እስኪደርቅ መታገሥ። ጊታሩ ከተጠገነ በኋላም ከፀሐይ ርቆ በሣጥኑ ውስጥ ቢቀመጥና የተሠራለት ዓይነት አውታር ብቻ ቢተከልበት፣ ያው ብርኩማ ብዙ ዘመን ያገለግላል።