«ወፈርሽ እኮ፣ ተመችቶሻል!»

እትዬ ከፒያሳ ተነሥተው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ ልጠይቃቸው ስሄድ በሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ወፈርሽ እኮ፣ ተመችቶሻል!» አሉኝ። ምርቃት ነው። አንድ ጊዜ ከስቼ ብመጣ «ታመሽ ነበር?» ብለው ያስጨነቁኝም እሳቸው ናቸው። ረሀብ ባየ አገር ቦርጭ የደስታ ምስክር ቢሆን አይፈረድም።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 8 በመቶው ከልክ በላይ ክብደት እንዳላቸው አሳይቷል። በ2000 እ.ኤ.አ. 3 በመቶ ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት ከተማ 21፣ ገጠር 4 በመቶ። በዚያው ጥናት 22 በመቶው ደግሞ ከሲታ ናቸው። መለኪያው ኪሎን ለቁመት በሜትር፣ ከዚያም ውጤቱን እንደገና ለቁመት ማካፈል ነው። 25 ሲደርስ ከልክ አልፏል፤ 30 ሲሞላ ከባድ ውፍረት ይባላል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65 የሆነች ሴት 68 ኪሎን ስታልፍ መስመሩን ተሻገረች ማለት ነው።

ከተማ ለምን ያወፍራል? «ሆዳምነት» የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ድስቱን እንክፈት። የእትዬ ቁሌት ሽንኩርቱ በዘይት የሚዋኝበት ነው፤ ዘይቱም በጄሪካን የሚገዛው፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል፣ እሳቸው ግን በማንኪያ አይለኩም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማሉ፤ ታዲያ የጾሙ ሽሮ ላይ ዘይቱ ጠለል ካላለ እንግዳ ያከበሩ አይመስላቸውም። ከጎኑ ለስላሳ ይቀርባል፤ በአንዱ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። እምቢ ማለት? ማን ደፍሮ!

እግርም አለ። ፒያሳ ሳሉ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ዕድሩም በእግር ነበር። አሁን ሁሉም በታክሲ ሆነ። ልጃቸው ሰዓት ሙሉ ተሰልፋ፣ ቀኑን ቢሮ ተቀምጣ፣ ማታ ቆማ ትመለሳለች። ጎሕ ሳይቀድ ሩጪ ብላት «ውሻውንስ፣ ወንዱንስ ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ። በ2011 ዓ.ም. መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለሰው የሚከፈትበት እሑድ ተጀመረ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የቀሩት ቀናት የመኪና ናቸው።

እትዬም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ሐኪም በቀን ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ አዟቸዋል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ ጉልበታቸውም ያማቸዋል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ለቅዳሴ ይወርዳሉ።