ክርን ጭንቅላት ሲመታ

የቅርጫት ኳስ ጉዳት ሲነሳ ቶሎ የሚታወሰን ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ነው። ዛሬ ስለ ክርን እናነሳለን፤ ክርን የሚያርፈው ፊትና ጭንቅላት ላይ ነውና።

ከቀለበቱ የተመለሰችውን ኳስ የያዘ ተጫዋች ክርኖቹን ከፈት አድርጎ ኳሷን ቢከላከል ጥፋት አይደለም። ጥያቄው የሚመጣው ክርኑን ሲያወናጭፍ ነው። በአሜሪካ የኮሌጅ ውድድሮች ሕግ፣ ክርኑ ከቀሪው ሰውነት ፈጥኖ ከዞረ ውንጨፋው ከልክ አልፏል ይባላል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (ፊባ) ሕግ ደግሞ ክርኑን ከልክ በላይ ያወናጨፈ ተጫዋች ማንንም ባይነካ እንኳ ቴክኒካል ፋውል ይሰጥበታል። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ሕግ ይህ ነው፤ ሰው እስኪጎዳ አይጠብቅም። ንክኪው ጠንካራና ከልክ ያለፈ ከሆነ ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ይሆናል፤ ከዚያም የከፋው ከሜዳ ያሰናብታል።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 የሎስ አንጀለስ ሌከርሱ ሜታ ወርልድ ፒስ ነጥብ አስቆጥሮ ደስታውን ሲገልጽ በክርኑ የኦክላሆማ ሲቲውን ጄምስ ሃርደን ጭንቅላት መታው። ዳኞቹ አሰናበቱት፤ ሊጉም 7 ጨዋታ አገደው። ሃርደን የአንጎል መናወጥ ደርሶበት ወደዚያ ጨዋታ አልተመለሰም።

ዳኛ ፋውሉን ይዳኛል እንጂ አንጎልን አይመረምርም። በሰፈር ወይም በትምህርት ቤት ሜዳ ይህ ሥራ የእርስዎ ነው። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው የግድ ራሱን አይስትም፤ ደምም ላይታይ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ብዥታ፣ ውጤቱን ወይም የተመታበትን ቅጽበት አለማስታወስ ምልክቶቹ ናቸው። ልጅዎ «ደህና ነኝ» ብሎ ልመለስ ቢል አይስሙት፤ በዚያው ቀን መጫወት የለበትም፤ ከዚያ በኋላም የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድ ቀስ በቀስ ነው። አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ቢያገኘው ጉዳቱ እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል።

ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከእንቅልፉ መቀስቀስ ካስቸገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ክርኑ ያወለቀው ጥርስ ከሆነም አይጣሉት። ሥሩን ሳይነኩ ከላይኛው ነጭ ክፍል ይዘው ወተት ውስጥ ይክተቱትና በአንድ ሰዓት ውስጥ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ፤ የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሶ አይተከልም።