የማክሰኝት ሕዝብ ስንት ነው? በጀቱም ገበያውም መልሱን ይጠብቃሉ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና አዘዞንና ጠዳን አልፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ማክሰኝት ይደርሳል። የማክሰኞን ቀን በስሟ ያዘለችው ይህች ከተማ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት። ጤፉ፣ ማሽላው፣ ሽንብራውና ፍየሉ ከገጠር ቀበሌዎች ወደ እርሷ ይገባል። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ደግሞ በአውራ ጎዳናው ከሁለቱ ትልልቅ ከተሞች ይመጣል። ገዢና ሻጭ የሚገናኙባት እንዲህ ያለች ከተማ ለነጋዴውም ለአስተዳዳሪውም አንድ ጥያቄ ታቀርባለች። ስንት ሰው ይኖርባታል? የሚኖረውስ ማን ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በአገር አቀፍ ቆጠራ መልስ የተሰጠው ለመጨረሻ ጊዜ በ1999 ዓ.ም. ነው። ነዋሪው የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት አባላቱን በድምፁ የመረጠው ደግሞ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ የአካባቢ ምርጫ አልተካሄደም። በሌላ አነጋገር የማክሰኝት ገበያ ለዓመታት የተዳደረው በቆየ ቁጥርና በቆየ ድምፅ ነው። የዚህ መዘዝ በቢሮ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ውሎ አድሮ ገበያው ላይ ይታያል።

ቆጠራው ምን ይላል?

ኢትዮጵያ እስካሁን ያጠናቀቀቻቸው አገር አቀፍ ቆጠራዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በ1976፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተካሄዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራው በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛል። በዚህ ስሌት አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ነበር። ከተራዘመ በኋላ ለ2011 ዓ.ም. ተቀጠረ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው እንደገና አራዘሙት። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ጦርነትም ተከተለ።

በሁለቱ የመጨረሻ ቆጠራዎች መካከል የጎንደር ከተማ ሕዝብ ከ112 ሺህ ገደማ ወደ 207 ሺህ ገደማ አድጓል። ይህ በ13 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ዕድገት ነው። አዘዞና ጠዳ ዛሬ በጎንደር ከተማ አስተዳደር ሥር የአንድ ክፍለ ከተማ ስም ሆነዋል። ቀድሞ የመንገድ ዳር መንደሮች የነበሩት በከተማው ሲዋጡ፣ በዚያው ጎዳና ላይ ቀጥላ የምትገኘው የወረዳ ከተማ ማክሰኝት ናት።

ከቁጥሩ ብዛት ይልቅ ለገበያ ሰው የሚጠቅመው ግን የሕዝቡ ስብጥር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሴቶች 109 ሺህ ያህል፣ ወንዶች 98 ሺህ ያህል ነበሩ። ከአሥሩ ነዋሪ ዘጠኙ የገጠር ሰው በሆነበት በጎንደር ዙሪያ ወረዳ ግን ወንዶች ከሴቶች ይበልጡ ነበር። የሁለቱ አኃዝ በአንድ ላይ ሲነበብ አንድ እንቅስቃሴ ይጠቁማል። የገጠሩ ወንድ ልጅ መሬቱ ላይ ይቀራል፤ ሴት ልጅ ለትምህርት፣ ለቤት ሠራተኝነት፣ ለንግድ ወይም ከትዳር ፍቺ በኋላ ወደ ከተማ ትወጣለች። በመንገድ ዳር ከተሞች እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ሻይ አፍልታ የምትሸጠው በአብዛኛው ይህችው ሴት ናት። የደረቅ እህሉም የማገዶውም ዕለታዊ ደንበኛ እርሷ ናት።

ቁጥሩ ራሱ ሲወጣ ያለ ክርክር አላለፈም። የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ያህል ነው ሲባል ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ሆኖ በመገኘቱ ጉዳዩ በፓርላማ ሳይቀር ጥያቄ አስነስቷል። በአገር አቀፍ ደረጃ ዓመታዊው ዕድገት 2.6 ከመቶ ሲሆን በክልሉ 1.7 ከመቶ ነው መባሉ ብዙዎችን አላሳመነም። ከማንነት አንጻርም እንዲሁ ነው። በ1987ቱ ቆጠራ 172 ሺህ ያህል ሰዎች ቅማንት ተብለው ተመዝግበዋል፤ በ1999ኙ ቆጠራ ግን ይህ መለያ ለብቻው አልነበረም። የቅማንት ሕዝብ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ጎንደር ዙሪያ ነው። የአስተዳደር ጥያቄው መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር 8 ቀበሌዎች ውስጥ ወደተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ አድርሷል። በቆጠራ ቅጽ ላይ ያልሰፈረ ነገር ከሕይወት እንደማይሰረዝ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ከቁጥር ውጭ ያለው ነዋሪ

እንደ ማክሰኝት ያለች የወረዳ ከተማ ነዋሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ደመወዝተኛ አለ፤ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ። ወሩ ሲያልቅ የሚገዛው እርሱ ነው። ነጋዴ አለ፤ ከባለሱቁ እስከ እህል ሰብሳቢው፣ ከደላላው እስከ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት። ከተማ ውስጥ እያደረ ዳር ያለ ማሳውን የሚያርስ ገበሬም አለ።

ከእነዚህ ሌላ በቋሚነት የማይታዩ አሉ። ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን በየሳምንቱ ከወላጅ ቤት እያመላለሱ የሚማሩ ልጆች አሉ። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ወርደው ሲያበቃ የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች አሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጦርነትና በግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ በክልሉ ከተሞች ተጠግቷል። እነዚህ ሁሉ ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጀራ ይገዛሉ፣ ክሊኒክ ይሄዳሉ። በ1999ኙ መዝገብ ግን የሉም።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. 10 ሺህ ሕዝብ የነበራት አንዲት ከተማ በዓመት 4 ከመቶ እያደገች ብትሄድ በ2017 ዓ.ም. ሕዝቧ 20 ሺህ አልፏል። እውነተኛው ዕድገት 4 ከመቶ ሆኖ ሳለ ትንበያው በ2 ከመቶ ቢሠራ ግን በወረቀት ላይ ያለው ሕዝብ 14 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ 6 ሺህ ሰው ይሆናል። ይህ ምሳሌ እንጂ የማክሰኝት ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን ከአሮጌ መነሻ የሚነሳ ትንበያ እንዴት እንደሚስት ያሳያል።

ከበጀት ቀመር እስከ ገበያ ጭቃ

ቁጥሩ ገንዘብ የሚሆነው በበጀት ቀመር በኩል ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ድጎማ ሲያከፋፍል የሕዝብ ብዛትን ይመለከታል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ለወረዳዎች ጥቅል በጀት በቀመር ይመድባል፤ እዚያም የሕዝብ ቁጥር ዋና ሚዛን ነው። ወረዳው ያገኘውን ገንዘብ አብዛኛውን ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ያውለዋል። ለመንገድና ለግንባታ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከተማዋ በሌላ ኪስ ትተዳደራለች። የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ወጪ የሚሸፈነው በመሠረቱ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። ይኸውም የገበያ ቦታ ክፍያ፣ የሱቅና የመደብ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቄራ አገልግሎትና የመሬት ሊዝ ናቸው። ስለዚህ ገበያው የከተማዋ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ዋና ገንዘብ ቤቷ ነው። በገበያ ቀን ከባለ ኩንታሉና ከባለ ፍየሉ የሚሰበሰበው ሳንቲም ተመልሶ የገበያውን ጠጠር፣ የውኃ መውረጃውንና የከብት በረቱን መሥራት ይኖርበታል።

ችግሩ የሚከሰተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገበያ ሦስት አስተዳደር አለው። ሻጩ ገበሬ የገጠር ቀበሌ ነዋሪ ነው፤ ድምፁን የሚሰጠው፣ የመሬት መጠቀሚያውንም የሚከፍለው እዚያ ነው። የገበያ ክፍያውን የሚከፍለው ግን ለማዘጋጃ ቤት ነው። የባለሱቁን ፈቃድና ግብር የሚያየው ደግሞ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። ገበሬው ክረምት ላይ በጭቃ የተበላሸ እህሉን ይዞ አቤት ቢል፣ የመረጠው ቀበሌ ገበያውን አያስተዳድርም፤ ገበያውን የሚያስተዳድረው ማዘጋጃ ቤት ደግሞ የእርሱ ድምፅ የለበትም። ሁለቱን የሚያገናኘው የወረዳው ምክር ቤት ነው። የምክር ቤቱ ወንበር በምርጫ ሳይታደስ ሲቆይ አቤቱታው የሚሄድበት መንገድ ይጠባል።

በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት አለ። አውራ ጎዳና ሲዘጋ የመንገድ ዳር ከተማ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች። እህሉ ሳይወጣ በገበሬው እጅ ይረክሳል፤ ዘይቱና ስኳሩ ሳይገባ በሱቅ ይወደዳል። ገበያ ባልቆመበት ሳምንት የገበያ ክፍያ አይሰበሰብም። ማዘጋጃ ቤቱ ይበልጥ ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው።

የዳር መሬቱ ባለቤት

ከሁሉ የከፋ ስጋት ያለበት የከተማዋ ዳር ላይ ያለው ገበሬ ነው። መሬቱ በገጠር ሕግ የይዞታ ደብተር የተሰጠው ሲሆን ሊያወርሰውና ሊያከራየው ይችላል፤ መሸጥ ግን አይፈቀድለትም። የከተማ ፕላን ሲሰፋ መሬቱ በካሳ ይወሰድና በሊዝ ሕግ ሥር ይገባል። የሊዝ አዋጁ በ2004 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 721 ነው።

ካሳው በሕግ ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ይህን ወደ 15 እጥፍ አሳድጎ፣ መነሻውን ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ አድርጎታል። ያም ሆኖ ስሌቱ የሚነሳው መሬቱ ከሚያበቅለው ሽንብራና ጤፍ ነው፤ መሬቱ ነገ በሊዝ ጨረታ ከሚያወጣው ዋጋ አይደለም።

በዚህ ልዩነት መካከል ደላላ ይገባል። ገበሬው ነገ በካሳ ይወሰድብኛል ብሎ ከፈራ ዛሬ በጓሮ ውል ይሸጣል። ገዢው ሌሊት ጎጆ ያቆማል፤ ሕዝቡ ‹‹ጨረቃ ቤት›› ይለዋል። በዚያ ቤት የሚኖር ቤተሰብ በገጠር ቀበሌም በከተማም መዝገብ ሊታጣ ይችላል። በጀት አይመደብለትም፤ የጣሪያና ግድግዳ ግብርም አይከፍልም። ያልተቆጠረው ሰው እዳ ሆኖ ለአስተዳደሩ ይተርፋል። በትክክል ቢመዘገብ ኖሮ ግን ገቢም ሸማችም ነበር።

ምን ይሻላል?

አገር አቀፍ ቆጠራ ማክሰኝት ብቻዋን የምታመጣው ነገር አይደለም። ሰላም ይፈልጋል፤ ገንዘብም ይፈልጋል። ነገር ግን እጅ አጣጥፎ መጠበቅ ብቻ አይደለም አማራጩ። የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀምሯል። የፋይዳ መታወቂያም ተከትሏል። ሁለቱም ቤት ለቤት የሚደረግ ቆጠራን አይተኩም። ሆኖም ከቀበሌው የነዋሪ መዝገብ፣ ከትምህርት ቤት የተማሪ ዝርዝርና ከውኃ ቆጣሪ ደንበኞች ጋር ቢመሳከሩ ከአሮጌው ትንበያ የተሻለ ግምት ይገኛል።

በገበያው በኩል ያለው ሥራ ደግሞ ከዚህም ይቀልላል። የገበያ ክፍያ በየገበያው ቀን ደረሰኝ ይቆረጥበታል። በዓመት ስንት ኩንታል እህል፣ ስንት ፍየልና ስንት በሬ እንደገባ ከደረሰኙ ጉርድ ማወቅ ይቻላል። ይህ ቁጥር በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍና ከተሰበሰበው ብር ስንቱ ለገበያው እንደዋለ ጎን ለጎን ቢጻፍ፣ ገበሬውም ባለሱቁም ምርጫ እስኪደርስ ሳይጠብቁ የሚጠይቁት ነገር ይኖራቸዋል።

የማክሰኝት ጉዳይ የማክሰኝት ብቻ አይደለም። በዚያው ጎዳና ላይ ያሉት እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመንና ወረታም ሕዝባቸው ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ከቆጠራው በኋላ የተወለደ ልጅ ዛሬ ለአቅመ አዳም ደርሷል። ምናልባት ራሱ ነጋዴ ሆኖ በገበያው ዳር መደብ ይዞ ይሆናል። ግብሩን ከፍሎ፣ የቦታ ኪራዩንም ሰጥቶ ይውላል። እርሱ በስሙ የተቆጠረበት ቆጠራ ግን ገና አልተካሄደም።