መካ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም

መካ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። በየዓመቱ ለሐጅና ለዑምራ በአየር ከሚመጡት እንግዶቿ እጅግ ብዙዎቹ የሚያርፉት ጅዳ በሚገኘው በንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከዚያ የቀረውን መንገድ በአውቶቡስ፣ በታክሲ ወይም እ.ኤ.አ. በ2018 በተከፈተው የሐረመይን ፈጣን ባቡር ይጨርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ የጀመረው ይህ ማረፊያ ለሐጅ ተጓዦች ብቻ የተሠራ ተርሚናል አለው። የጣሪያው 210 ነጫጭ ድንኳኖች የበረሃ ሰፈር የሚመስሉ ሲሆን፣ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ የሚያመራው ሰው ሁሉ በዚህ በር ይለፍ የተባለ ያስመስላሉ።

ከጅዳ ወደ መካ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሰፊና ረጅም ነው። ከጅዳ በስተሰሜንና በስተደቡብ የተዘረጋው የቀይ ባሕር ጠረፍም ለጥ ያለ ሜዳ ነው። የራሱ አነስተኛ አውሮፕላን ያለው ሰው ይህን ሁሉ ከላይ ሲመለከት ማረፊያ የሞላበት አገር ሊመስለው ይችላል። ለመሆኑ አሸዋው ላይ ወይም አስፋልቱ ላይ ቢያርፍ ሕጉ ምን ይላል?

መልሱ የሚጀምረው ከመሬቱ ሳይሆን ከሰማዩ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1944 በቺካጎ የተፈረመው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጹ፣ እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ግዛት ሲባል የባሕር ክልልንም እንደሚጨምር ያስረዳል። ስለዚህ ከጠረፉ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ውሃ ላይ የሚያርፍ የባሕር አውሮፕላንም አገር ገብቷል ማለት ነው። አሥረኛው አንቀጽ ከውጭ የሚመጣ አውሮፕላን የአገሩ ሕግ በሚጠይቀው መሠረት ለጉምሩክና ለሌላ ምርመራ በተመደበ ማረፊያ እንዲያርፍ ያዛል። የባሕር ዳርቻ የጉምሩክ መስኮት የለውም፤ ፓስፖርት የሚመታበት ጠረጴዛም አይገኝበትም።

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የሲቪል አቪዬሽን ሕግ የዘርፉ ሥልጣን በአጠቃላይ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። አውሮፕላን የሚነሣውና የሚያርፈው ፈቃድ ባገኘ ቦታ ነው። ጠረፉን በበኩሉ የድንበር ጥበቃ ኃይል ይቆጣጠረዋል፤ ጀልባ እንኳ ያለ ፈቃድ ከዳርቻው አይነሣም። በአውሮፕላን ለመዝናናት የሚፈልግ የአገሪቱ ነዋሪ መንገዱ አልተዘጋበትም። የሳዑዲ አቪዬሽን ክለብ ከሪያድ አጠገብ በሱማማ ማረፊያ አነስተኛ አውሮፕላኖችን ያበራል።

ይህ ሁሉ ደረቅ የቢሮ ሥርዓት ሊመስል ይችላል። ሥርዓቱ በሌለበት የሚሆነውን ግን ራስ አሽ-ሸይኽ ሑመይድ በሚባለው የሰሜን ቀይ ባሕር ጠረፍ፣ በቲራን ወሽመጥ አጠገብ፣ አንድ የዛገ አውሮፕላን ይመሰክራል። አውሮፕላኑ ካታሊና የተባለ፣ ውሃም የብስም ላይ የሚያርፍ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ቶማስ ኬንዳል የተባለ አሜሪካዊ ባለሀብት ነበር። ለባሕር ኃይል የተሠራውን አውሮፕላን ወደ በራሪ መኖሪያ ቤት አስለውጦ ቤተሰቡን ይዞ ዓለምን ለመዞር ተነሣ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1960 ከዚህ ጠረፍ አጠገብ ውሃ ላይ አርፈው አደሩ። ቦታው ጸጥ ያለ ነበር፤ ልጆቹ ዋኙ፣ ትልልቆቹም ዳርቻውን ተዘዋውረው አዩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከየብስ የመትረየስ ተኩስ ተከፈተባቸው። ኬንዳል ሞተሩን አስነሥቶ ለማምለጥ ሞከረ፤ አውሮፕላኑ ግን ጥቂት እንደሄደ ከኮራል ድንጋይ ጋር ተላትሞ ቆመ። በአካሉ ላይ የተቆጠሩት የጥይት ምልክቶች ወደ 300 ይጠጋሉ። ኬንዳልና ጸሐፊው ቆሰሉ፤ ከመካከላቸው የሞተ ግን አልነበረም። ተይዘው ወደ ጅዳ ከተወሰዱ በኋላ፣ ያን ጊዜ የውጭ አገር ኤምባሲዎች ሁሉ የሚገኙት በዚያች ከተማ ስለነበር፣ በአሜሪካ አምባሳደር ጥረት ተለቀቁ። በወቅቱ የተሰጠው ምክንያት፣ ከባሕር የመጡት የእስራኤል ኮማንዶዎች መስለው ታይተዋል የሚል ነበር። የቲራን ወሽመጥ በዚያ ዘመን ጦር የሚማዘዙበት ስፍራ መሆኑ ሲታሰብ ስሕተቱ ሊገባ ይችላል፤ ሕፃናት በተሳፈሩበት አውሮፕላን ላይ መትረየስ መተኮሱ ግን በዚህ አይቀልም።

እዚህ ላይ የሕጉ ዘመን አቆጣጠር ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የቺካጎውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1947 አጽድቃለች፤ ሳዑዲ ዓረቢያ የገባችበት ግን በ1962፣ ከኬንዳል ታሪክ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በሲቪል አውሮፕላን ላይ መሣሪያ መጠቀምን በግልጽ የሚከለክለው ተጨማሪ አንቀጽም በ1960 አልነበረም። አንቀጹ የተጻፈው በ1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን በሶቪየት ኅብረት ተዋጊ ጄት ተመትቶ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በ1998 ነው። ይህ አንቀጽም ቢሆን በበረራ ላይ ያለን አውሮፕላን እንጂ እንደ ካታሊናዋ መልሕቅ ጥሎ የቆመን አይጠቅስም። በሌላ በኩል ደግሞ መንግሥት ያለ ፈቃድ የገባን አውሮፕላን በተመደበ ማረፊያ እንዲያርፍ የማዘዝ መብቱን ያረጋግጣል፤ አብራሪውም ትእዛዙን መፈጸም ግዴታው ነው።

ወደ መካ ሲቀረብ ጥብቅነቱ ይጨምራል። የቺካጎው ስምምነት ዘጠነኛ አንቀጽ፣ መንግሥታት ለወታደራዊ ጉዳይ ወይም ለሕዝብ ደኅንነት ሲሉ በአንዳንድ አካባቢዎች በረራን እንዲገድቡ ይፈቅዳል። የመንገደኛ አውሮፕላኖች በመካ ሰማይ አያልፉም። በሐጅ ወቅት ከተማይቱ ላይ የሚታዩት የጸጥታ ኃይሎች ሄሊኮፕተሮች ናቸው። በአውራ ጎዳናው ላይ ደግሞ ሌላ ድንበር አለ፤ ወደ ሐረም ክልል የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ፣ በክፍት መጽሐፍ አምሳል የተሠራው ግዙፍ የቁርኣን በር ከአስፋልቱ በላይ ተጋድሞ ይታያል። ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ የመብራት ምሰሶው፣ የድልድዩና የምልክት ሰሌዳው ብዛት ክንፍ ላለው ነገር አይመችም። መንገዱም ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ እዚያ ለማረፍ የሚሞክር አብራሪ ከራሱ ይልቅ ከሥሩ የሚሄዱትን የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ሕይወት ይወራረድበታል።

የባሕር ዳርቻውም ቢሆን የሚታየውን ያህል የታመነ አይደለም። በቀይ ባሕር ጠረፍ ሰብኻ የሚባል የጨው ሜዳ በብዛት አለ። ላዩ ደርቆ ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ጎማ ሲያርፍበት ቅርፊቱ ይሰበራል፣ አውሮፕላኑም በአፍንጫው ይተከላል።

ለዚህ ሁሉ ክልከላ አንድ እውነተኛ ልዩ ሁኔታ አለ፤ እሱም አደጋ ነው። ሞተሩ የጠፋበት ወይም ነዳጁ ያለቀበት አብራሪ ፈቃድ እስኪመጣ አይጠብቅም። በየትኛውም አገር ሕግ ነፍስ ለማዳን በአሸዋም በአስፋልትም ማረፍ ይችላል። የስምምነቱ 25ኛ አንቀጽም መንግሥታት በግዛታቸው አደጋ ላይ ለወደቀ አውሮፕላን የሚቻላቸውን እርዳታ እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ኢትዮጵያውያን ይህን የሚያውቁት በመራራ ትዝታ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1988 ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ ኃይል አሳጣው፤ አብራሪዎቹም ሜዳ ላይ አሳረፉት። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሲሞቱ 69ኙ ተረፉ። በኅዳር 1996 ደግሞ በጠላፊዎች እጅ የወደቀው ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን ወደ ዳርቻው ማስጠጋታቸው እዚያ የነበሩ ጎብኚዎችና ሐኪሞች ቶሎ እንዲደርሱ አስችሏል። 125 ሰዎች አለቁ፣ 50 ተረፉ። እነዚህን አብራሪዎች ያለ ፈቃድ ለምን አረፋችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በአደጋ ያረፈ ሁሉ ግን ለባለሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ አውሮፕላኑም ሳይመረመርና ሳይፈቀድለት እንደገና አይነሣም።

ሌላው ዓለም ነገሩን በየራሱ መንገድ ይዞታል። በአሜሪካ ከማረፊያ ውጭ ማረፍን በጥቅሉ የሚከለክል የፌዴራል ደንብ የለም። የሚከለከለው ግድ የለሽ አበራረር ነው፤ የመንገዱ ጉዳይ ለየክፍለ ግዛቱ ሕግ፣ የመሬቱም ለባለቤቱ ተትቷል። በአላስካ አብራሪዎች የወንዝ ዳር ጠጠር ላይ ማረፋቸው የዕለት ኑሯቸው ነው። በስኮትላንድ የባራ ደሴት መደበኛ የመንገደኛ በረራ የሚያርፈው ባሕሩ ሸሽቶ በሚተወው አሸዋ ላይ በመሆኑ የበረራው ሰዓት በባሕሩ መሙላትና መጉደል ይወሰናል። ያ አሸዋ ግን ፈቃድ ያለው፣ ማኮብኮቢያው የተለየ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ፊንላንድና ሲንጋፖርም የጦር አውሮፕላን የሚያሳርፉባቸው መንገዶች አሏቸው፤ ለዚሁ ሲሉ ያዘጋጇቸው ናቸው፣ ልምምድ ሲኖርም ለተሽከርካሪ ይዘጓቸዋል።

ሕግ ሳይኖር ሜዳ ላይ ማረፍ የአቪዬሽን መጀመሪያ ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው ፖቴዝ አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲደርስ ያረፈው ገፈርሳ ሜዳ ላይ ነው። ጅዳም በ1945 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለንጉሥ አብዱልዓዚዝ የሰጡት ዲሲ-3 የሳዑዲን አየር መንገድ ሲያስጀምር የነበራት የከንደራ ሜዳ ብቻ ነበር። ዛሬ ከንደራ በከተማይቱ መሐል ያለ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ሰፈር ነው።

ቀይ ባሕር ላይ ማረፍ አሁን እንደገና ተጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ግን በፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፍላይ ሬድ ሲ የተባለው የሳዑዲ የመጀመሪያው የባሕር አውሮፕላን ኩባንያ በአራት ሴስና ካራቫን አውሮፕላኖች ሥራ ጀምሮ፣ እንግዶችን ከጅዳ በስተሰሜን ወዳሉት የደሴት ሆቴሎች ያመላልሳል። አውሮፕላኖቹ ውሃ ላይ ሲያርፉ የሆቴሉ ሠራተኞች መድረኩ ላይ ቆመው ይቀበሏቸዋል።