ፕሌግ በዘመናችን፦ ምን ያህል ሊያሳስበን ይገባል?

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በማዳጋስካር የሳንባ ፕሌግ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከደሴቲቱ ጋር ባላቸው የንግድና የጉዞ ግንኙነት ምክንያት ቅድመ ዝግጅት ሊያደርጉ ይገባል ብሎ በለያቸው ዘጠኝ አገሮችና ግዛቶች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ ተካትታ ነበር። በዝርዝሩ የገባችው በሽታው በአገራችን ስለ ታየ አይደለም፤ አዲስ አበባ የአፍሪቃ የአየር ጉዞ መገናኛ በመሆኗ ነው። በዚያን ጊዜ በብዙዎች ዘንድ «ቸነፈር ተመልሶ መጣን?» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል። ስለ ፕሌግ ዜና በተሰማ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት አንድ ሰው በሳንባ ፕሌግ በሞተ ጊዜም ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሠራጭቷል።

ይህ ጽሑፍ በሽታው ምን እንደሆነ፣ በዘመናችን የተከሰቱት ወረርሽኞች ምን እንዳስተማሩና እኛ የአዲስ አበባ፣ በተለይም የደቡቡ ክፍል ነዋሪዎችና የጤና ባለሙያዎች፣ በምን መጠን ልንሰጋ እንደሚገባ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ስሙና በሽታው

በአማርኛ «ቸነፈር» የሚለው ቃል በጅምላ ለሚገድል ማንኛውም ወረርሽኝ ሲያገለግል የኖረ ነው። ስለሆነም በታሪካችን «ቸነፈር» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ፕሌግ ነበር ማለት አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው «የኅዳር በሽታ» ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው፣ ራስ ተፈሪን ጭምር አልጋ ላይ የጣለው ይህ በሽታ በዚያው ዓመት ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ፣ ማለትም «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ መከራ መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በሕክምና ፕሌግ የሚባለው ግን ዬርሲኒያ ፔስቲስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣው በሽታ ብቻ ነው። ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1894 በሆንግ ኮንግ ያገኘው አሌክሳንደር ዬርሲን ሲሆን፣ በአይጥ ቁንጫ አማካይነት እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1898 በካራቺ ያሳየው ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ጥቁር ሞት» ተብሎ ከአውሮፓ ሕዝብ ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን እንደፈጀ የሚነገርለት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻም ከእስያ ወደቦች በመርከብ ተነሥቶ ማዳጋስካርና ምሥራቅ አፍሪቃ የደረሰው ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በናይሮቢ በታየ ጊዜ የሕንዶች ገበያ እንዲቃጠል ተደርጓል።

መተላለፊያውና ምልክቶቹ

ፕሌግ በመሠረቱ የአይጦችና የሌሎች ዘራይጥ እንስሳት በሽታ ነው። ሰው የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ በበሽታው የሞተውን አይጥ ትቶ ሌላ ደም በሚፈልግ ቁንጫ ሲነከስ ነው። የታመመ እንስሳ ሥጋና ደም በመንካት፣ ወይም የሳንባ ፕሌግ ያለበት ሰው በቅርብ ሆኖ ሲያስል በሚረጨው ጠብታ አማካይነትም ሊተላለፍ ይችላል። ሦስት መልኮች አሉት።

አንደኛው የንፍፊት ፕሌግ ነው። ከተነከሱ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ድካም ይከተላል፤ በብሽሽት፣ በብብት ወይም በአንገት ላይም ለመንካት የማያስችል ሕመም ያለው እብጠት ይወጣል። ካልታከመ ከታማሚዎቹ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። ይህ መልክ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ አይተላለፍም።

ሁለተኛው ባክቴሪያው በደም ውስጥ ሲሠራጭ የሚከሰተው ነው። እብጠት ላይኖረው ስለሚችል ከሌላ የደም መመረዝ ለመለየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው የሳንባ ፕሌግ ነው። ምልክቱ በአንድ ቀን ውስጥ እንኳ ሊጀምር ይችላል፤ ትኩሳት፣ ሳል፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠርና ደም የቀላቀለ አክታ ያሳያል። ሕክምና በጊዜው ካልተጀመረ ታማሚው አይተርፍም ለማለት ይቻላል። በቀጥታ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውም ይኸኛው ነው።

ይሁን እንጂ ፕሌግ በጊዜ ከተደረሰበት በተለመዱ መድኃኒቶች የሚድን በሽታ ነው። ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይሠራሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በጤና ጣቢያዎቻችን የሚገኙ ናቸው። በአንጻሩ ሕዝቡ ከመድኃኒት መደብር ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ የሚወስደው አሞክሲሲሊንና በጠቅላላው የፔኒሲሊን ቤተሰብ ለዚህ በሽታ መድኃኒት ተብሎ የሚታመንበት አይደለም። ሕይወትን ከሞት የሚለየው ትክክለኛውን መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጀመር ነው።

ማዳጋስካር፦ አንድ መንገደኛ

በማዳጋስካር ከፍተኛ ቦታዎች በየዓመቱ 400 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹ በንፍፊት ፕሌግ፣ ይያዛሉ። የ2017ቱ ወረርሽኝ ግን የተለየ ነበር። በኦገስት መጨረሻ አንድ የ31 ዓመት ሰው የወባ የሚመስል ሕመም ይዞት በሕዝብ ማመላለሻ ታክሲ ከአንካዞቤ በዋና ከተማዋ በአንታናናሪቮ በኩል ወደ ጠረፍ ከተማዋ ቶአማሲና ሲጓዝ በመንገድ ላይ ሞተ። ወረርሽኙ የታወቀው ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ በዋና ከተማዋ አንዲት የ47 ዓመት ሴት በሳንባ ፕሌግ ከሞተች በኋላ ነው። በእነዚህ ሁለት ሳምንታት በሽታው በከተሞች ውስጥ መንገድ አግኝቶ ነበር።

እስከ ኖቬምበር 27 ቀን ድረስ 2,417 የተረጋገጡና የተጠረጠሩ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ 209 ሰዎች ሞቱ። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በሳንባ ፕሌግነት የተመዘገቡ ነበሩ። በኋላ በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ግን ከእነዚህ መካከል በእርግጥ ፕሌግ መሆኑ የተረጋገጠው ጥቂቱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። በወረርሽኝ ወቅት ያሳለ ሁሉ ይጠረጠራልና ይህ የሚያስገርም አይደለም።

ወረርሽኙን የገታው ሥራም የሚታወቅ ነው፤ ከሕሙማን ጋር የተገናኙ ከ7,000 በላይ ሰዎች ተፈልገው ተገኙ፣ መከላከያ መድኃኒት ተሰጣቸው፣ ለሰባት ቀን በክትትል ቆዩ። ከእነዚህ ውስጥ የሕመም ምልክት የታየባቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የበሽታው ምልክት ከታየባቸው 81 የጤና ባለሙያዎችም አንድም አልሞተም። በሽታውን ሲያውቁት መድኃኒቱ ይሠራል።

ሱራት፦ ከበሽታው የፈጠነ ፍርሃት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1994 በሕንድ የሱራት ከተማ የሳንባ ፕሌግ ታየ። የሟቾቹ ቁጥር ከሃምሳ ብዙም ያልራቀ ነበር። ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባቡርና በአውቶቡስ ከተማዋን ጥለው ሸሹ፤ ከሸሹት መካከል ሐኪሞችም ነበሩበት። ቴትራሳይክሊን ከመድኃኒት መደብሮች ጠፋ። የተለያዩ አገሮች ወደ ሕንድ የሚደረገውን በረራ አቋረጡ፣ ሸቀጧንም አንቀበልም አሉ። አገሪቱ ከበሽታው ይልቅ በፍርሃቱ የበለጠ ተጎዳች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሱራት ግን ሌላም ትምህርት ትታለች። ከወረርሽኙ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ቆሻሻ በየቀኑ እንዲነሣና ፍሳሽ እንዲጸዳ ጥብቅ ቁጥጥር በማድረጉ፣ በቆሻሻዋ ትታወቅ የነበረችው ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሕንድ በንጽሕናቸው ከሚጠቀሱት አንዷ ለመሆን በቃች።

የእኛ ሁኔታ

እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በዓለም 3,248 ሰዎች በፕሌግ መያዛቸውና 584 መሞታቸው ተመዝግቧል። በሽታው በዋናነት የሚገኘው በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በማዳጋስካርና በፔሩ ነው። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ፕሌግ ካስመዘገቡት መካከል ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛንያ ሲኖሩበት ኢትዮጵያ የለችበትም። እንግዲህ በጀሞ ወይም በለቡ የሚኖር ሰው ነገ በፕሌግ እይዛለሁ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣበት ምክንያት የለም። በሺዎች ከሚገድሉን ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከሳንባ ምችና ከመኪና አደጋ ጋር ሲነጻጸር የፕሌግ ሥጋት እጅግ ትንሽ ነው።

ይህ ማለት ግን ከናካቴው አይመለከተንም ማለት አይደለም። «አገራችን ደጋ ስለሆነች አይደርስብንም» የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም፤ በማዳጋስካር በሽታው ሥር የሰደደው ከባሕር ጠለል በላይ ከ800 ሜትር በሚበልጡ ቀዝቀዝ ያሉ ቦታዎች ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ደግሞ ለአይጥ መራባት የሚመች ሁኔታ በየአቅጣጫው ይታያል። በኃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሚገኘው ትልቁ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ፣ የእህል መጋዘኖች፣ በየኮንዶሚኒየሙ ግቢ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ በወንዞች ዳርቻ የሚጣለው ትርፍራፊ ሁሉ የአይጥ ቀለብ ነው። ወደብ ባይኖረንም ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት የሚራገፍበት ቃሊቲ ጎረቤታችን ነው፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ አይደለም።

ከዚህም ሌላ አይጥ፣ ቁንጫና ቅማል ፕሌግ ባይኖርም እንኳ ያለ በሽታ አያኖሩንም። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በአገራችን የቆዩና ዛሬም ያልጠፉ ናቸው። ስለሆነም በንጽሕና ላይ የሚደረገው ሥራ ላልመጣው በሽታ ብቻ ሳይሆን በእጃችን ላለውም ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

በክሊኒኮቻችን በአንገት ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ብዙም የማያም እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳው ወንድም የሆነው የዕጢ ነቀርሳ ነው። የብሽሽት ንፍፊትም ቢሆን በእግር ቁስል ወይም በአባለ ዘር በሽታ ምክንያት ይመጣል። ፕሌግን የሚያስጠረጥረው የሦስት ነገሮች መገናኘት ነው፦ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በቀናት ውስጥ የወጣ ብርቱ ሕመም ያለው እብጠት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ፣ እንዲሁም በሽታው ካለበት ቦታ ባለፈው ሳምንት መምጣት። በአንድ ቤት ወይም ሠፈር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በጽኑ ታመው ከተገኙና አይጦችም ያለ መርዝ በብዛት እየሞቱ ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል።

ስለሆነም ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ «ከየት መጣህ? ከየት መጣሽ?» ብሎ መጠየቅ ወጪ የሌለው ትልቅ ምርመራ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ታማሚውን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ለታማሚውም ለባለሙያውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ ናሙና መውሰድ፣ ውጤት ሳይጠብቁ መድኃኒት መጀመርና ወዲያውኑ ለጤና ጽሕፈት ቤቱና ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማሳወቅ ይገባል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የማርበርግ በሽታ መገኘቱ በተረጋገጠ ጊዜ እንዳየነው፣ ከዚህ ቀደም በአገራችን ያልታየ በሽታ አንድ ቀን በጤና ተቋም በር ላይ ሊቆም ይችላል።

የነዋሪው ድርሻ

እህልን በጆንያ መሬት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ክዳን ባለው ዕቃ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማኖር፣ ቆሻሻ እንዳያድር ማድረግ፣ የግድግዳና የወለል ቀዳዳዎችን መድፈን ከሁሉ የሚቀድሙ ሥራዎች ናቸው። ኅዳርን በዓመት አንድ ቀን ማጠን መልካም መታሰቢያ ነው፤ አይጥ ግን በቀረው የዓመቱ ቀን ሁሉ ይበላል፣ ይራባልም። ጭሱም ቢሆን የአስም ሕሙማንን ይጎዳል።

የአይጥ መርዝን በተመለከተ አንድ ማስገንዘቢያ አለ። አይጦች ያለ ምክንያት በብዛት ሞተው ከተገኙ በባዶ እጅ አለመንካትና ለጤና ባለሙያ መንገር እንጂ መርዝ ለመጨመር መጣደፍ አይገባም። ፕሌግ በተጠረጠረበት ቦታ አስቀድሞ የሚገደለው ቁንጫው ነው፤ አይጡ ቀድሞ ከሞተ ቁንጫው ወደ ሰው ይዞራልና።

ዕድሮችም ትልቅ ድርሻ አላቸው። በወረርሽኝ ወቅት ትክክለኛውን ወሬ ከሐሰተኛው ለይተው ለአባሎቻቸው ሊያደርሱ፣ አስከሬን በጤና ባለሙያ ምክር እንዲገነዝ ሊያደርጉ ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ፕሌግ የጠፋ በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን አባቶቻችን የፈሩት ዓይነት መድኃኒት የሌለው መቅሠፍትም አይደለም። ማዳጋስካር የዘገየ ጥርጣሬ ምን እንደሚያስከፍል፣ ሱራት ደግሞ የቸኮለ ሽሽት ምን እንደሚያስከፍል አሳይተዋል። ሕዝቡ ሊደነግጥ አይገባም፤ የጤና ባለሙያው ግን መጠርጠርን ሊረሳ አይገባም። ከሁለቱም የሚጠበቀው አንድ የጋራ ሥራ አለ፤ ይኸውም አይጥ የሚኖርበትን ሠፈር ሰው የሚኖርበት ሠፈር ማድረግ ነው።